የወረቀትና የዶቃ የቤት ጌጥ

የወረቀትና የዶቃ የቤት ጌጥ ከወረቀት፣ ከዶቃ ወይም ከሁለቱ ተጣምሮ በእጅ የሚሠራ፣ በቤት ግድግዳ፣ በር፣ መስኮት፣ ጣሪያ ወይም ዕቃ ላይ የሚሰቀል፣ የሚለጠፍ ወይም የሚሰፋ ማስዋቢያ ነው። የወረቀት አበባ፣ የእንቁጣጣሽ ሥዕል፣ ታጥፎና ተቆርጦ የሚንጠለጠል ወረቀት፣ በዶቃና በዛጎል የተጌጠ ስፌት፣ የዶቃ የበር መጋረጃ እንዲሁም ከተጠቀለለ ወረቀት የሚሠራው የወረቀት ዶቃ በዚህ ሥራ ይመደባሉ።

በኢትዮጵያ የሁለቱ ዕድሜ እኩል አይደለም። ዶቃ ከጥንት ጀምሮ በንግድ እየገባ የሰው አንገትና የቤት ዕቃ ሲያስጌጥ ኖሯል። ወረቀት ግን በብዛት ወደ ተራው ሰው ቤት የገባው ማተሚያ ቤቶች ከተስፋፉ በኋላ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት የወረቀት ዶቃ ደግሞ ከሁሉም አዲሱ ነው። ጥሬ ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ የሚጣል ወረቀት በመሆኑ የገንዘብ ወጪው ትንሽ ነው፤ ትልቁ ወጪ የሠሪው ጊዜ ነው።

ስያሜ

ዶቃ መሐሉ ተበስቶ በክር የሚሰካ ትንሽ ጌጥ ነው። ከመስታወት፣ ከድንጋይ፣ ከብረት፣ ከአጥንት፣ ከእንጨት፣ ከፍሬ፣ ከፕላስቲክ ወይም ከወረቀት ሊሠራ ይችላል። ዛጎል የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ሲሆን፣ እንደ ዶቃ ተበስቶ በቆዳና በስፌት ላይ ይሰፋል።

ጨሌ በየቀለሙ የተሰካ የዶቃ ድርድር ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ከጌጥነት ያለፈ ትርጉም አለው። በብዙ አካባቢዎች ጨሌ ከዛርና ከአድባር ልማድ ጋር ተያይዞ ስለሚታወቅ፣ አንዳንድ ሰዎች ቤት ውስጥ የተሰቀለ ያሸበረቀ ዶቃ ሲያዩ መጀመሪያ የሚመጣላቸው ይኸው ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ሆነች የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ጨሌ ማምለክን ይቃወማሉ። በዚህ ምክንያት የቤት ጌጥ ሠሪዎች ሥራቸውን ሲጠሩ «ዶቃ» የሚለውን ቃል መጠቀም ይመርጣሉ።

መቁጠሪያ ጸሎት የሚቆጠርበት የዶቃ ወይም የቋጠሮ ድርድር ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ የተለመዱት ባለ 41 እና ባለ 64 ናቸው። 41ዱ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚባልበት ቁጥር ሲሆን፣ 64ቱ እመቤታችን ማርያም በምድር ከኖረችባቸው ዓመታት ጋር ይያያዛል። ሙስሊሞች የሚጠቀሙበት ሙስበሃ (ተስቢህ) ደግሞ 33 ወይም 99 ዶቃ አለው። መቁጠሪያም ሙስበሃም የጸሎት መሣሪያ እንጂ የቤት ጌጥ አይደሉም፤ ሆኖም አሰካካቸው ከጌጥ ዶቃ ጋር አንድ ነው።

ታሪክ

ዶቃ

በምሥራቅ አፍሪካ ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት የተሠሩ ከ40,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ዶቃዎች ተገኝተዋል። የሰው ልጅ ልብስ መሸመን ሳይጀምር ዶቃ ይሰካ ነበር ማለት ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው «የኤርትራ ባሕር ጉዞ መመሪያ» የተባለው የግሪክኛ ጽሑፍ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ አክሱም ምድር ይገቡ ከነበሩ ዕቃዎች መካከል የመስታወት ሥራዎችን ይጠቅሳል። በአክሱም በተደረጉ ቁፋሮዎችም የመስታወት ዶቃዎች ተገኝተዋል።

በኋለኛው ዘመን ዋና የዶቃ ምንጭ አውሮፓ ሆነች። ቬኒስ በ1291 እ.ኤ.አ. የእሳት አደጋን ፈርታ የመስታወት ሠሪዎቿን ወደ ሙራኖ ደሴት ካዛወረች በኋላ፣ ደሴቲቱ ለብዙ መቶ ዓመታት የዓለም የዶቃ ማዕከል ነበረች። ቦሄሚያ የምትባለው የዛሬዋ የቼክ ምድርም ከጊዜ በኋላ ብርቱ ተወዳዳሪ ሆነች። እነዚህ ዶቃዎች በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩል ገብተው በሲራራ ነጋዴ ወደ ደጋው ይወጡ ነበር። ነጋዴው የእያንዳንዱን ገበያ የቀለም ምርጫ ማወቅ ነበረበት፤ በአንዱ አገር የሚሻሙበት ዶቃ በሌላው አገር ዘወር ብሎ የሚያየው ላይኖር ይችላልና።

ወረቀት

ወረቀት የመሥራት ጥበብ የተገኘው በቻይና ሲሆን፣ ታሪኩ በ105 እ.ኤ.አ. ለቤተ መንግሥቱ ሹም ለካይ ሉን ይሰጣል። በኢትዮጵያ ግን ለረጅም ዘመን የመጻፊያው ዕቃ ብራና ነበር። ከግሸን ብዙም በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ካስጻፏቸው መጻሕፍት መካከል የወንጌላቸው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይታወቃል። ብራና ከፍየል፣ ከበግ ወይም ከጥጃ ቆዳ ተፍቆ የሚዘጋጅ ውድ ነገር በመሆኑ ቆርጦ ለጌጥ ማዋል የሚታሰብ አልነበረም። ከቤት ግድግዳ ወይም ከአንገት የሚውለው ብራና ክታብ ሲሆን፣ እሱም የሚፈለገው ለውበቱ ሳይሆን ይጠብቃል ተብሎ ነው።

በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ከጣሊያን ወረራ ማብቂያ በኋላ በ1933 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ መታተም ሲጀምር የታተመ ወረቀት በከተማና በመንገድ ዳር ሰፈሮች በስፋት ተዳረሰ። ተነቦ ያለቀ ጋዜጣ ግን ሥራው አላለቀም። በባለሱቅ እጅ ስኳርና በርበሬ ይጠቀለልበታል፤ በልጆች እጅ እንደ ጥሩንባ ተጠቅልሎ የቆሎና የለውዝ መያዣ ይሆናል፤ በባለቤቷ እጅ ደግሞ በዱቄት ሙጫ ተለጥፎ የጭቃ ግድግዳ ይሸፍናል። ጋዜጣ የተለጠፈበት ግድግዳ አፈር አያራግፍም፣ ነፋስ አያስገባም፣ ቤቱንም ያበራል። በዚህ መንገድ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት የመጀመሪያ ፊደላቸውን ከአልጋ አጠገብ ከተለጠፈ ጋዜጣ ላይ ለይተዋል።

በግሸንና በአካባቢው

ግሸን ደብረ ከርቤ በአማራ ክልል በደቡብ ወሎ ዞን በአምባሰል ወረዳ የሚገኝ፣ አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት የጌታ ግማደ መስቀል በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1426-1460 ዓ.ም.) ወደዚህ አምባ ገብቶ ተቀምጧል። ስለዚህ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከመላው አገሪቱና ከውጭ ብዙ ሕዝብ ይሳለመዋል።

ዕለቱ ከእንቁጣጣሽ 20 ቀን በኋላ፣ ከመስቀል ደግሞ 4 ቀን በኋላ ይውላል። ክረምቱ አልፎ፣ አደይ አበባ ፈንድቶ፣ ቤቱ ተለቅልቆና ግድግዳው ታድሶ ያለበት ጊዜ ነው። ተሳላሚ ከንግሥ ሲመለስ ለቤቱ በረከት ይዞ የመመለስ ልማድ አለው፤ በወረቀት የታተመ ሥዕለ አድኅኖ፣ መቁጠሪያና የአንገት መስቀል ከሚገዙት ውስጥ ናቸው። ሥዕሉ ቤት ሲደርስ በምሥራቅ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ወይም በመጋረጃ ይከለላል፤ መቁጠሪያውም ጸሎት በማይደረግበት ሰዓት ከጎኑ ሊንጠለጠል ይችላል። ክርስቲያንና ሙስሊም ተጋብቶና ተዛምዶ በሚኖርበት በወሎ፣ በጎረቤት ቤት ደግሞ በወረቀት የታተመ የቁርኣን ጽሑፍና ሙስበሃ ይገኛል።

ከእምነት ዕቃዎቹ ውጭ የአካባቢው ዋናው የእጅ ጌጥ ስፌት ነው። መሶብ፣ ሌማት፣ ሰፌድና ሙዳይ ከስንደዶና ከአክርማ፣ ቀለም በገባ አለላ እየተጌጡ በወስፌ ይሰፋሉ። ትንሿ ባለ ክዳን ሙዳይ አንዳንድ ጊዜ በዶቃ ወይም በዛጎል ትንቆጠቆጣለች። የስፌት ባለሙያ ቁጥርን በእጇ ታውቃለች። ሐረጉ ዙሪያውን ገጥሞ እንዲዘጋ በስንት ጥልፍ አንድ ቀለም እንደሚቀየር አስባ ትጀምራለች። ዶቃ በቀለም ቅደም ተከተል መሰካትም የሚፈልገው ይህንኑ ችሎታ ስለሆነ፣ የወረቀት ዶቃ በአካባቢው አዲስ ቢሆንም የሚጠይቀው እጅ አዲስ አይደለም።

ዋና ዋና ዓይነቶች

የእንቁጣጣሽ ሥዕል፦ በመስከረም 1 ቀን ወንዶች ልጆች ፀሐይ፣ አበባ፣ መላእክትና ወፎች በደማቅ ቀለም የሣሉበትን ወረቀት ይዘው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ያበረክታሉ፤ ባለቤቱም ገንዘብ ወይም ዳቦ ይሰጣቸዋል። ልጃገረዶች ደግሞ አደይ አበባና ቄጠማ ይዘው «አበባዮሽ» ይዘፍናሉ። የተቀበሉት ሥዕል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይከርማል። በኢትዮጵያ ልጅ በእጁ ሠርቶ ለሰው ቤት የሚያበረክተው ይህ የወረቀት ጌጥ ከሁሉም በላይ የታወቀው ነው። በከተሞች አሁን በፎቶ ኮፒ የተባዛ ሥዕል እየተለመደ መጥቷል።

የወረቀት አበባ፦ ከባለ ቀለም ወረቀት ወይም ከሽብሽብ (ክሬፕ) ወረቀት ይሠራል። ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለክርስትናና ለምረቃ በዓል አዳራሽና ቤት ለማስዋብ ያገለግላል።

የግድግዳ ስፌት፦ በሐረር የሐረሪዎች ቤት ግድግዳ በስፌትና በሳህን ተሞልቶ መታየቱ የታወቀ ነው። በሌሎች ከተሞችም መሶብና ሰፌድ ከማዕድ ቤት ወጥቶ የሳሎን ጌጥ ሆኗል።

የዶቃ መጋረጃ፦ ከበር ጉበን ላይ እስከ ወለል የሚወርዱ የዶቃ ክሮች ናቸው። በር ተከፍቶ አየር ሲገባ ዓይንን ይከልላሉ፤ ሰው ሲያልፍባቸውም ድምፅ ይሰጣሉ።

የወረቀት ዶቃ፦ የወረቀት ጥብጣብ በቀጭን ዘንግ ላይ ተጠቅልሎ፣ ተጣብቆና ተቀብቶ የሚሠራ ዶቃ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሴቶች ከግድግዳ ወረቀት ቁራጭ እየጠቀለሉ ለበር መጋረጃ ያውሉት ነበር። በአፍሪካ ይበልጥ የታወቀው በዩጋንዳ ነው።

በሌላው ዓለም የቻይና የወረቀት ቆረጣ ጥበብ በ2009 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቧል። የጃፓን ኦሪጋሚ (ወረቀት ማጠፍ) እና በሜክሲኮ በበዓል ቀን በገመድ ላይ የሚሰቀለው የተቀደደ ወረቀትም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

የወረቀት ዶቃ አሠራር

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ወረቀት፣ መቀስ፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ኮላ፣ መጠቅለያ ዘንግ፣ ቫርኒሽና ክር ያስፈልጋሉ። ለዘንግነት ስቴኪኒ (የጥርስ እንጨት)፣ የብስክሌት ራጂ ወይም ወፍራም መርፌ ይሆናል። ለክር ናይለን ወይም ቀጭን ሲባጎ ይመረጣል።

ከወረቀት ሁሉ የሚሻለው ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅና በሁለቱም በኩል ቀለም ያለው ነው። ዓመቱ ያለፈበት የግድግዳ ካላንደር፣ መጽሔት፣ የማስታወቂያ ወረቀትና የደብተር ልባስ ጥሩ ናቸው። ካላንደሩ ወፈር ስለሚል ጥብጣቡ አጠር ቢልም ይበቃል። ጋዜጣ ይቻላል፤ ግን ቀለሙ እጅ ላይ ይለቃል፣ ኮላ ሲነካውም ይቀደዳል። ካርቶን ሲጠቀለል ስለሚሰበር አይሆንም።

ኮላ በሌለበት 1 ሲኒ የስንዴ ዱቄት በ4 ሲኒ ውሃ ተበጥብጦ፣ በእሳት እየተማሰለ እስኪወፍር ይሠራል። ይህ ሙጫ ለግድግዳ ወረቀት የኖረ ነው፤ ለዶቃ ግን እርጥበት ሲያገኘው ይሻግታል፣ ነፍሳትና አይጥም ይጠራል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሥራ በነጭ ኮላ ቢሠራ ይመረጣል።

ቅደም ተከተል

1. መሣል፦ በወረቀቱ ጀርባ ላይ የጥብጣቦቹ መስመር በእርሳስና በማስመሪያ ይሰመራል።

2. መቁረጥ፦ መስመሩን ተከትሎ በመቀስ ይቆረጣል። መስመሩ ከተጣመመ ዶቃው አንድ ወገን ያዘነብላል።

3. መጠቅለል፦ የጥብጣቡ ሰፊ ጫፍ በዘንጉ ላይ ይያዝና አጥብቆ ይጠቀለላል። የመጀመሪያው ዙር ኮላ አይነካውም፤ ከነካው ዶቃው ከዘንጉ ጋር ይጣበቃል።

4. ማጣበቅ፦ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ በስሱ ኮላ እየተቀባ እስከ ጫፉ ይጠቀለልና በጣት ለጥቂት ሰከንድ ይጨመቃል።

5. ማድረቅ፦ ዶቃው ከዘንጉ ወጥቶ ይደርቃል። ያልደረቀ ዶቃ ላይ ቫርኒሽ ከተቀባ እርጥበቱ ውስጥ ታምቆ ይቀራል።

6. መቀባት፦ ዶቃዎቹ በስቴኪኒ ላይ ተሰክተው፣ ስቴኪኒውም በግማሽ ድንች ላይ ቆሞ ቫርኒሽ ይቀባሉ። ሁለት ወይም ሦስት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ቅብ ይሻላል፤ በእያንዳንዱ ቅብ መካከል መድረቅ አለበት። ለትንሽ ሥራ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ይበቃል። የቀዳዳው ሁለት አፍ ካልተቀባ እርጥበት የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

7. መሰካት፦ ክሩ ጫፉ ተቋጥሮ ዶቃው ይሰካል። በሁለት የወረቀት ዶቃ መካከል አንድ ትንሽ የመስታወት ዶቃ ቢገባ ጫፎቹ እርስ በርስ አይፋጩም።

ቅርጽና መጠን

የዶቃውን ቅርጽ የሚወስነው የጥብጣቡ ቅርጽ ነው። ከዳር እስከ ዳር እኩል ስፋት ያለው ጥብጣብ ቀጥ ያለ ቱቦ ይሰጣል። ጎነ ሦስት ጥብጣብ መሐሉ ወፍሮ ጫፎቹ የሾሉ እንደ ገብስ ፍሬ ያለ ዶቃ ይሰጣል። ጫፉ ሳይሾል ትንሽ ስፋት የቀረው ጥብጣብ ደግሞ መሐሉ ጠፍጠፍ ያለ በርሜል ይመስላል። የዶቃው ርዝመት ከጥብጣቡ ሰፊ ጫፍ ጋር እኩል ነው።

ወረቀትን ሳያባክኑ ለመቁረጥ ጎነ ሦስቶቹ አንዱ ወደ ላይ፣ ቀጣዩ ወደ ታች እየሆኑ ይሰለፋሉ። 210 በ297 ሚሊ ሜትር ከሆነው አንድ ኤ4 ወረቀት፣ ስፋታቸው 20 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመታቸው 297 ሚሊ ሜትር የሆኑ 20 ጎነ ሦስቶች ይወጣሉ። የሚተርፈው በሁለቱ ዳር ያለው ቀጭን ቁራጭ ብቻ ነው።

የዶቃው ውፍረት ከጥብጣቡ ርዝመት ጋር እኩል አያድግም። የተራ ኤ4 ወረቀት ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 297 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ጥብጣብ በ2 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ ሲጠቀለል ወገቡ ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሁለት ጥብጣብ ቢቀጠል 13 አይሆንም፤ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይደርሳል። ወደ 12.5 ሚሊ ሜትር ለመድረስ አራት ጥብጣብ መቀጠል ያስፈልጋል። ምክንያቱ የክብ ስፋት የሚያድገው በራዲየሱ ካሬ መሆኑ ነው፤ ዶቃው በወፈረ ቁጥር እያንዳንዱ ዙር የሚበላው ወረቀት ይጨምራል። ኮላውና በዙሮቹ መካከል የሚቀረው አየር በተግባር እነዚህን ቁጥሮች በትንሹ ከፍ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ወፍራም ዶቃ የሚፈልግ ሰው ወረቀት ከሚያስረዝም ወፈር ያለ ወረቀት ቢመርጥ ይቀለዋል።

የወረቀት አደይ አበባ

ወረቀትና ዶቃ በአንድ ላይ የሚውሉበት ቀላል ሥራ ነው። አንድ እኩል ጎን ያለው ቢጫ ወረቀት ለሁለት ይታጠፋል፤ እንደገና ለሁለት ታጥፎ አራት ይሆናል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ከመሐሉ በሰያፍ ሲታጠፍ ስምንት ድርብ ይሆናል። የውጭው ጠርዝ እንደ ጥፍር ክብ ተደርጎ በመቀስ ሲቆረጥና ወረቀቱ ሲዘረጋ ስምንት ቅጠል ያለው አበባ ይወጣል። መሐሉ ተበስቶ ክር ይገባና ከፊት ለፊት አንድ ቡናማ ወይም ብርቱካናማ ዶቃ ይሰካል፤ ዶቃው ክሩን ይይዛል፣ የአበባውንም እምብርት ይተካል። አሥር ያህሉ በአንድ ክር ሲደረደሩ የመስኮት ወይም የግድግዳ ጌጥ ይሆናሉ። ለአራተኛ ጊዜ ማጠፍ 16 ቅጠል ይሰጣል፤ ግን ድርቡ ስለሚወፍር መቀስ አጥርቶ አይቆርጠውም።

የጊዜ ስሌት፦ አንድ የበር መጋረጃ

ከፍታው 2 ሜትር፣ ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር ለሆነ በር፣ ክሮቹ በየ4 ሴንቲ ሜትሩ ቢወርዱ 20 ክር ያስፈልጋል። ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዶቃ ተከታትሎ ቢሰካ በአንድ ክር 100፣ በጠቅላላው 2,000 ዶቃ ይሆናል። ከአንድ ኤ4 ወረቀት 20 ዶቃ ስለሚወጣ 100 ወረቀት ይበቃል። የአንድ ተራ ኤ4 ወረቀት ክብደት 5 ግራም ያህል በመሆኑ የመጋረጃው ወረቀት በሙሉ ግማሽ ኪሎ ብቻ ነው።

ጊዜው ግን ሌላ ነው። አንድን ዶቃ መቁረጥና መጠቅለል 3 ደቂቃ ቢፈጅ 2,000ው 6,000 ደቂቃ፣ ማለትም 100 ሰዓት ይወስዳል። በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 12 ቀን ተኩል ነው፤ ቅቡና አሰካኩ ገና አልተቆጠረም። ግማሽ ኪሎ ያገለገለ ወረቀት ለቆራሌው ቢሸጥ የሚያወጣው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ የእጅ ሥራ ዋጋ ነው።

ሥራውን ለማቅለል ሠሪዎች አንዱን የወረቀት ዶቃ ከአንድ የመቃ ቁራጭ ጋር እያፈራረቁ ይሰካሉ። በዚህ መንገድ የወረቀት ዶቃው ወደ 1,000፣ ጊዜውም ወደ 50 ሰዓት ይወርዳል። ሌላው ዘዴ ሥራውን መከፋፈል ነው፤ አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ይጠቀልላል፣ ሦስተኛው ይቀባል።

ገቢና ገበያ

የወረቀት ዶቃ ለሴቶች የገቢ ምንጭ ሊሆን እንደሚችል በዩጋንዳ ታይቷል። በ2004 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው «ቢድ ፎር ላይፍ» የተባለው ድርጅት በካምፓላና በአካባቢዋ ያሉ ሴቶች ከተጣለ ወረቀት የሠሩትን ዶቃ ወደ ሰሜን አሜሪካ ገበያ አድርሷል። በአዲስ አበባ በእንጦጦ ተራራ አካባቢ ደግሞ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ከቀለጠ የጥይት ቀለሀ የተሠሩ ዶቃዎችን እየሰኩ ጌጥ ይሠራሉ። ሁለቱም ሥራዎች የሚያሳዩት የተጣለ ነገር ታሪኩ አብሮ ሲሸጥ ገዢ እንደሚያገኝ ነው። ያገለገለ ዕቃን መልሶ መሥራት ለአዲስ አበባ ባዕድ አይደለም፤ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ፣ ጎማና በርሜል ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል።

በአገር ውስጥ ገበያ ግን የእጅ ሥራው ከውጭ ከሚገባ የፕላስቲክ አበባና ዶቃ ጋር ይወዳደራል። የፋብሪካ ዕቃ በዋጋ ይረክሳል፤ ውሃም አይፈራም። ብዙ ሠሪዎች ለመወዳደር ሲሉ የወረቀቱንና የኮላውን ወጪ ብቻ አስበው ይሸጣሉ፤ «ትርፍ ጊዜዬ ነው» በሚል ሰዓታቸውን አይቆጥሩም። ለምሳሌ ሠሪዋ ለአንድ ሰዓት 30 ብር ብታስብ ከላይ የተጠቀሰው መጋረጃ የእጅ ዋጋው ብቻ 3,000 ብር ይሆናል። በ1,000 ብር ከሸጠችው በሰዓት ያገኘችው ከ10 ብር አይበልጥም፤ ኮላና ቫርኒሽ ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በዚህ ምክንያት ለሽያጭ የሚመረጡት ትልልቅ መጋረጃዎች ሳይሆኑ ጥቂት ዶቃ የሚፈጁ ሥራዎች ናቸው፦ የመስታወት ዙሪያ፣ የመጋረጃ ማሰሪያ፣ የቁልፍ መያዣ፣ የአንገትና የእጅ ጌጥ። ትልቁ መጋረጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ለራስ ቤት ወይም ለስጦታ ነው።

አያያዝና ጥንቃቄ

እርጥበት፦ የወረቀት ጌጥ ዋና ጠላት ነው። በደጋው የክረምት ወራት ያልተቀባ የወረቀት ዶቃ ያብጣል፣ ይላላል። ቫርኒሽ ዝናብን ሳይሆን የአየር እርጥበትን ነው የሚከላከለው፤ ስለዚህ በደጅ በር ላይ መስቀል አይመከርም። ጣት ሁልጊዜ በሚነካካው መቁጠሪያ ላይም የወረቀት ዶቃ ቶሎ ይላጣል፤ ለዚህ የእንጨትና የፍሬ ዶቃ ይሻላል።

ጭስና አቧራ፦ ምድጃ ባለበት ቤት ወረቀት ቶሎ ይጠቁራል። የተቀባ ዶቃ በረጠበ ጨርቅ ሊወለወል ይችላል፤ የወረቀት አበባ ግን በደረቅ ላባ ወይም ብሩሽ ይራገፋል።

ፀሐይ፦ በመስኮት ላይ የተሰቀለ የታተመ ወረቀት ቀለሙ ይለቃል። ቀይና ቢጫ ከሁሉ ቀድመው ይደበዝዛሉ።

እሳት፦ የወረቀት ጌጥ ከጧፍ፣ ከሻማ፣ ከኩራዝና ከሚሞቅ አምፖል መራቅ አለበት። በበዓል ቀን ሻማና የወረቀት ማስዋቢያ ጎን ለጎን ስለሚሆኑ ጥንቃቄው ያኔ ይበልጥ ያስፈልጋል። ቫርኒሽም ተቀጣጣይ ነው፤ መስኮት ተከፍቶ፣ እሳት በሌለበት ቦታ ይቀባል።

ሕፃናት፦ ትንንሽ ዶቃ ወደ አፍ፣ ወደ አፍንጫና ወደ ጆሮ የሚገባ ነገር ነው። ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ባሉበት ቤት ዶቃው በጠንካራ ክር ተሰክቶ ከእጃቸው በላይ መሰቀል፣ የተረፈውም ክዳን ባለው ዕቃ መቀመጥ አለበት።